ካርዱ ከየት እስከ የት ይሠራል? ለምርምርና ለትምህርት ወደ ውጭ ለሚሄዱ ስለ መድን ጅማ ላይ የተሰጠ ገለጻ

እንደምን ዋላችሁ።

ከጅማ ወደ ውጭ የሚሄድ ተመራማሪ ስለ መድን የሚያስበው አብዛኛውን ጊዜ የቪዛ ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ የሰነድ ዝርዝሩ ውስጥ «የጉዞ ጤና መድን» የሚል መስመር ያያል፤ ያገኘውን ርካሽ ይገዛል፤ ያሳትማል፤ ከማመልከቻው ጋር ያያይዛል። ቪዛው ይመታለታል። ያንን ወረቀት ከዚያ በኋላ ማንም አያነበውም፤ ሰው ታሞ ሆስፒታል በር ላይ እስኪቆም ድረስ።

ሁሉም ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ነው?» ብሎ ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን «እዚያ አገር የምገባው በምን ስም ነው?» የሚለው ነው። ሠራተኛ ናችሁ? የተመዘገባችሁ ተማሪ ናችሁ? ወይስ ስታይፔንድ (ደመወዝ ያልሆነ የመኖሪያ ድጎማ) የሚከፈለው እንግዳ ተመራማሪ? ሦስቱ በአንድ ቤተ ሙከራ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊሠሩ ይችላሉ፤ በመድን በኩል ግን ሦስት የተለያየ ዓለም ውስጥ ናቸው።

ጀርመንን እንውሰድ። ሁለት የጅማ ልጆች ጎን ለጎን ይሠራሉ እንበል። አንዷ በማሪ ኩሪ፣ በአውሮፓ ኅብረት የተመራማሪዎች ፕሮግራም፣ የሥራ ውል ፈርማ የገባች ናት። ከደመወዟ ላይ ለሕዝባዊው የጤና መድን መዋጮ ይቆረጣል፣ ግማሹን ያህል አሠሪዋ ይከፍልላታል። ባሏና ልጆቿ ገቢ የሌላቸው ሆነው አብረዋት የሚኖሩ ከሆነ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በእሷ ስር ይገባሉ። ሥራ ላይ እጇን ብትቃጠል የሥራ ላይ አደጋ መድን አለላት። አጠገቧ የተቀመጠው ደግሞ በስታይፔንድ የመጣ እንግዳ ነው። ስታይፔንድ ደመወዝ አይደለምና ከዚያ የመዋጮ ሥርዓት ውጭ ነው፤ የሥራ ላይ አደጋ መድኑም በአብዛኛው አይደርሰውም። የጤናውን፣ የአደጋውን፣ የቤተሰቡን ለየብቻ መግዛት አለበት። ስለዚህ የስኮላርሺፑ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ የብሩን መጠን አይታችሁ ከተደሰታችሁ በኋላ ተመልሳችሁ «ውል» ይላል ወይስ «ስታይፔንድ» ይላል የሚለውን ፈልጉ።

በዳአድ፣ በጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት፣ ስኮላርሺፕ የምትሄዱ ከሆነ ድርጅቱ ራሱ የጤና፣ የአደጋና ለሦስተኛ ወገን ጉዳት የሚከፍል መድን ያስገባችኋል፤ ሁለተኛ መግዛት ብክነት ነው። የጉዞው ቀን ከመድኑ መጀመሪያ ቀን የሚቀድም መሆን አለመሆኑን ግን አረጋግጡ። በአውሮፓ ኅብረቱ የኢራስመስ ሙንዱስ የጋራ ማስተርስም መድኑን የማዘጋጀት ግዴታ ያለበት የዩኒቨርሲቲዎቹ ኅብረት ነው። በራሳችሁ ፈልጋችሁ ላገኛችሁት ስታይፔንድ ግን ማንም አያስብላችሁም።

ጀርመን ለማስተርስ የምትሄዱ አንድ ነገር ያዙ። ሕዝባዊው መድን ለተማሪ ያለው ቅናሽ ዋጋ 30 ዓመት ሲሞላ ያበቃል። የዶክትሬት ተማሪም ቢመዘገብ እንኳ በዚያ ቅናሽ ውስጥ አይገባም። ዩኒቨርሲቲው ለምዝገባ የሚጠብቀው ከሕዝባዊው መድን ተቋም በኤሌክትሮኒክ የሚላክ ማረጋገጫ ነው እንጂ የምታሳዩትን ወረቀት አይደለም፤ የግል መድን ይዛችሁ ብትሄዱም ያው ተቋም «ከሕዝባዊው መድን ግዴታ ነጻ ነው» ብሎ መላክ አለበት። «የግል ርካሽ ነው» ብላችሁ ነጻ ልውጣ ብላችሁ ከፈረማችሁ ትምህርቱ እስኪያልቅ መመለሻ የለም። በኋላ ሥር የሰደደ ሕመም ቢገኝባችሁ፣ ያ ርካሽ የግል መድን ቢያንገሸግሻችሁም እዚያው ናችሁ። ለውጭ አገር እንግዶች የሚሸጡት ጊዜያዊ የግል መድኖች ደግሞ ቢበዛ ለ5 ዓመት ነው የሚቆዩት፤ ዶክትሬቱ ሲራዘም ጊዜው አልቆ የሚያገኘው ሰው አለ።

አሁን ወደዚያ ሳይነበብ ወደሚቀረው ወረቀት እንመለስ። የሼንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ የቪዛ ሕግ፣ በፈረንጆቹ 2009 የወጣው ደንብ ቁጥር 810 አንቀጽ 15፣ ለአጭር ቆይታ የሚቀርበው መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ እንዲሸፍን፣ በሁሉም የሼንገን አገሮች እንዲሠራና የቆይታውን ጊዜ በሙሉ እንዲያካትት ይጠይቃል። ድንገተኛ ሕክምና፣ ሆስፒታል መተኛት፣ ታማሚን ወደ አገሩ መመለስና ሞት መካተት አለባቸው። አጭር ቆይታ ማለት በየ180 ቀኑ ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን ነው። ከዚያ የረዘመ ከሆነ የአገሩ የራሱ ቪዛና የራሱ ሕግ ይመጣል፤ የ30,000ው ወረቀት ከአውሮፕላኑ እስከ ምዝገባው ያሉትን ቀናት ብቻ ያሻግራችኋል።

እስቲ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች እናንብበው። የመጀመሪያው መስመር ስም ነው። በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ሦስቱም ስም፣ ፊደል በፊደል። በጅማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በቁቤ በ«ሲ» የሚጀምረው ጫልቱ ፓስፖርት ላይ በ«ሲኤች» ተጽፎ ይገኛል፤ ዲግሪው አንድ፣ ፓስፖርቱ ሌላ ይላል። የሆስፒታል የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ግን ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ቀጥሎ የልደት ቀን። ሰኔ 15 ቀን 1985 የተወለደ ሰው በእኛ አቆጣጠር 15/10/1985 ብሎ ቢሞላ፣ ፈረንጆቹ ኦክቶበር 15 ቀን 1985 ብለው ያነቡታል። ትክክለኛው ጁን 22 ቀን 1993 ነው። በአንድ መስመር ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አርጅቷል። የመድን ዋጋ ደግሞ ዕድሜን ይከተላል፤ ይባስ ብሎ ከፓስፖርቱ ጋር ስለማይገጥም የካሳ ጥያቄ ሲቀርብ ፋይሉ ይቆማል።

ሦስተኛው የሚጀምርበት ቀን ነው። ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚነሱ በረራዎች ብዙዎቹ እኩለ ሌሊት አካባቢ ናቸው። ትኬቱ ላይ «00:30፣ ረቡዕ» የሚለው በእኛ አነጋገር ማክሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ነው። በዚህ ምክንያት አንዱ ቀኑን ይስትና አውሮፕላኑ ያመልጠዋል፤ ሌላው መድኑን የሚያስጀምረው ሐሙስ ይሆናል። መነሻው በዋለበት ቀን ወይም አንድ ቀን ቀደም ብሎ እንዲጀምር አድርጉ፤ የአንድ ቀን አረቦን (ለመድኑ የሚከፈለው ዋጋ) ኢምንት ነው። መጨረሻውንም በመመለሻ ትኬቱ ላይ ሁለትና ሦስት ቀን ጨምሩበት።

አራተኛው የሚሠራበት ክልል ነው። «ሼንገን» የሚል ወረቀት ለንደን ላይ አይሠራም፤ እንግሊዝም አየርላንድም ሼንገን አይደሉም። «ዓለም አቀፍ» ከሚለው ሥር ደግሞ በትንሹ «ከአሜሪካና ከካናዳ በስተቀር» ተብሎ ይገኛል። በመካከሉ ቺካጎ ላይ ጉባኤ ያለበት ሰው እዚህች ጋ ይያዛል። አምስተኛው ተቀናሽ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሒሳብ የመጀመሪያውን ስንት ዩሮ ራሳችሁ እንደምትከፍሉ ይናገራል። ከታች በኩል የ24 ሰዓት ስልክ አለ። ስልኩ ላይ ከመዝገባችሁ በተጨማሪ በወረቀት ጽፋችሁ ከፓስፖርቱ ጋር ያዙት፤ የስልክ ባትሪ የሚያልቀው በሚያስፈልግበት ሰዓት ነውና።

ከየት ይገዛ? ለአጭር ጉዞ የአገር ውስጥ መድን ድርጅቶች የጉዞ መድን በብር ይሸጣሉ፤ የውጭ ምንዛሪ ፍለጋን ያስቀራል። ከመክፈላችሁ በፊት የምታመለክቱበት ኤምባሲ ድርጅቱን እንደሚቀበል ጠይቁ፤ አዲስ አበባ ሄዶ ውድቅ ከመባል ጅማ ሆኖ መደወል ይሻላል። ቪዛው ቢከለከል አረቦኑ ይመለስ እንደሆነም ጠይቁ፤ ብዙዎቹ የእምቢታውን ደብዳቤ ካያችሁና መድኑ ገና ካልጀመረ አገልግሎቱን ቀንሰው ይመልሳሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርዳችሁ ግን ከአገር ውጭ አንድ ሳንቲም አይከፍልም።

አሜሪካ ነገሩ ሌላ ነው። በጄ-1፣ ማለትም በልውውጥ ጎብኚዎች ቪዛ፣ ለሚገባ ሁሉ መንግሥት ዝቅተኛውን ራሱ ወስኗል፤ ለእያንዳንዱ ሕመም ወይም አደጋ 100,000 ዶላር፣ አስከሬን ለመመለስ 25,000፣ ታማሚን በአውሮፕላን ለማንሳት 50,000፤ ተቀናሹ ለአንድ ሕመም ወይም አደጋ ከ500 ዶላር መብለጥ የለበትም። መድን ሰጪው የታወቀ የፋይናንስ ደረጃ ሊኖረው ይገባል። ባለቤታችሁና ልጆቻችሁ በጄ-2፣ በቤተሰብ ቪዛው፣ ቢመጡ ግዴታው በእነሱም ላይ ነው። አውቆ መድን ያልያዘ ሰው ፕሮግራሙ ይቋረጥበታል፤ ይህ ማስፈራሪያ ሳይሆን ስፖንሰር አድራጊው እንዲያደርገው የታዘዘው ነው። በፉልብራይት፣ በአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ የምትሄዱ አስፔ የሚባለው የጤና ሽፋን ይሰጣችኋል፤ የሚሸፍነው ግን ተሸላሚውን ብቻ ነው። ሚስትና ሦስት ልጅ አስከትሎ «ፉልብራይት ይሸፍነናል» ብሎ የሚሳፈር ሰው አራት ሰው ያለ መድን ይዞ እየሄደ ነው።

ደንቡ ታካሚው ከሒሳቡ እስከ 25 በመቶ እንዲጋራ ይፈቅዳል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። የ3,000 ዶላር ሒሳብ መጣ እንበል። መጀመሪያ 500ው የእናንተ ነው። ከቀረው 2,500 ውስጥ 25 በመቶው 625 ነው። በድምሩ 1,125 ዶላር ከኪሳችሁ ይወጣል፤ መድኑ «ሙሉ በሙሉ ሕጋዊ» ሆኖ ሳለ። ስለዚህ ርካሹ ሕጋዊ መድን ርካሽ ሕክምና አይደለም። ለሳልና ለትኩሳት የካምፓሱ ክሊኒክ፣ ለተሰነጠቀ እጅ «አርጀንት ኬር» የሚሉት ቦታ፣ ለደረት ሕመምና ለመሳሰለው ብቻ ድንገተኛ ክፍል። በዚያ ላይ ሐኪሙ በመድኑ የውል መረብ ውስጥ፣ ማለትም ከመድን ድርጅቱ ጋር ውል ካላቸው ሐኪሞች አንዱ፣ መሆኑን ጠይቁ፤ ያው ሆስፒታል ውስጥ ሆኖ ማደንዘዣ ሰጪው ከመረቡ ውጭ የሚሆንበት ጊዜ አለና።

እንግሊዝ ደግሞ ገንዘቡን አስቀድሞ ይሰበስባል። ከ6 ወር በላይ ለሆነ ቪዛ ከዚህ ስታመለክቱ የጤና ክፍያውን ለቪዛው ዘመን በሙሉ በአንድ ጊዜ ትከፍላላችሁ። ከፌብሩዋሪ 6 ቀን 2024፣ በእኛ ጥር 28 ቀን 2016 ጀምሮ በዓመት 1,035 ፓውንድ ነው፤ ለተማሪና ለተማሪ ቤተሰብ 776። ከዓመት የተረፈው ጊዜ 6 ወር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግማሽ፣ ከበለጠ ሙሉ ዓመት ይታሰባል። የአንድ ዓመት ማስተርስ ቪዛ ከፊትና ከኋላ ተጨምሮበት ወደ 17 ወር ስለሚሆን 776 ሲደመር 388፣ 1,164 ፓውንድ ነው። ብዙ ሰው 776 ይዞ ይቀርብና እዚህ ላይ ይደነግጣል። ቤተሰብ ካለ በነፍስ ወከፍ ነው። ይህን ስኮላርሺፑ እንደሚከፍል ወይም እንደማይከፍል በጽሑፍ ጠይቁ። በጎብኚ ቪዛ ለአጭር ጊዜ የሚሄድ ይህን አይከፍልም፤ በምትኩ ሆስፒታል ቢተኛ ከመደበኛው ዋጋ 150 በመቶ ይጠየቃል። ድንገተኛ ክፍሉ ራሱ ነጻ ነው፤ ከዚያ ወደ አልጋ ሲወጣ ነው ቆጣሪው የሚጀምረው።

ጃፓን ከ3 ወር በላይ የሚቆይ፣ በአሠሪው መድን ያልታቀፈ ሁሉ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ በብሔራዊ ጤና መድን ይመዘገባል፤ ከሒሳቡ 30 በመቶውን ታካሚው ይከፍላል። ኔዘርላንድስ ውስጥ በስታይፔንድ የሚኖር ተማሪ በግል መድን ይዘልቃል፤ ለጥቂት ሰዓት ሥራ በተቀጠረ ዕለት ግን የአገሩን መሠረታዊ መድን መያዝ ግዴታ ይሆንበታል፣ ያንንም በ4 ወር ውስጥ። ከዚያም በዓመት የመጀመሪያውን 385 ዩሮ ራሱ ይሸከማል፤ የቤተሰብ ሐኪም ጋ መሄድ ከዚህ ውጭ ነው።

ቤልጂየምን ለይተን እናንሳት፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በፍላንደርስ፣ ደች ተናጋሪ በሆነው የቤልጂየም ክፍል፣ ካሉ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በቭሊር (የእነዚሁ ዩኒቨርሲቲዎች ምክር ቤት) በኩል ካለው ረጅም ትብብር የተነሣ ሳንድዊች ዶክትሬት፣ ማለትም እዚያና እዚህ እየተመላለሱ የሚማሩት፣ የሚሠራው ብዙ ነውና። እዚያ የጤና መድን የሚያዘው «ሙቱዋሊቴይት» በሚባሉ ማኅበራት ነው። የቤተሰብ ሐኪም ጋ ስትሄዱ በአብዛኛው ቀድማችሁ ትከፍላላችሁ፣ ሐኪሙ የሰጠው ማስረጃ ለማኅበሩ ሲደርስ ከፍ ያለው ክፍል ወደ ባንክ ሒሳባችሁ ይመለሳል። ገንዘቡ በከፊል ይመለሳል እንጂ ሕክምናው ነጻ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ የሳንድዊች ትልቁ ክፍተት መመላለሱ ነው። አራት ወር ጌንት፣ ስምንት ወር ጅማ፣ ከዚያ እንደገና። የውጭ መድኖች ብዙዎቹ «የትውልድ አገር» የሚል አንቀጽ አላቸው፤ ወደ አገራችሁ ስትመለሱ ሽፋኑ ይቆማል ወይም ለጥቂት ሳምንት ብቻ ይሠራል። መረጃ ለመሰብሰብ ግልገል ጊቤ ዳር ስትወርዱ ሞተር ሳይክል ቢያወድቃችሁ ያ የአውሮፓ ካርድ ዝም ይላል። ውጭ እያላችሁ የጀመረ ሕመምም ጅማ ላይ ሲቀጥል ማን እንደሚከፍል ግልጽ አይሆንም። እንደገና ስትመለሱ ደግሞ መድኑ «አዲስ» ይሆናል፤ ባለፈው ዙር የታየው የኩላሊት ጠጠር በአዲሱ ውል ውስጥ «ቀድሞ የነበረ ሕመም» ተብሎ ይገለላል። መድኑ በአንድ ተከታታይ ውል እንዲቆይ፣ በመካከሉ ያለው ጊዜ እንዲታገድ እንጂ እንዳይቋረጥ ጠይቁ። ሁሉም አይስማማም፤ መጠየቅ ግን ያዋጣል።

ቀድሞ የነበረ ሕመም ካነሣን፣ ግፊት፣ ስኳር፣ አስም፣ ጉበት፣ ኤችአይቪ፤ ቅጹ ከጠየቀ እውነቱን ሙሉ። ደብቆ የገባ ሰው ውሉ ከመሠረቱ ሊፈርስበት ይችላል፣ ከሕመሙ ጋር ምንም ግንኙነት ለሌለው ሒሳብም ጭምር። የጉዞ መድን የዕለት መድኃኒታችሁን አይገዛም። የሦስት ወር ያህል ከነማሸጊያው ያዙ፤ የሐኪም ማዘዣው በእንግሊዝኛ፣ የመድኃኒቱ የንግድ ስም ሳይሆን ዋናው ስም ተጽፎበት ይሁን። ትራማዶል ወይም ኮዴይን የሚባሉት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ያሉበት ነገር ከሆነ ስለምትሄዱበት አገር ደንብ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጥርሳችሁን እዚሁ አስጨርሱ፤ የጉዞ መድን የጥርስ ሕመም ማስታገሻ ይከፍላል እንጂ ጥርስ አይሠራም። እርግዝና ደግሞ በጊዜያዊ መድኖች ወይ ጭራሽ የለም፣ ወይ የወራት መጠበቂያ አለው፤ እህቶች ከመፈረማቸው በፊት ይህን መስመር ያንብቡ፤ ወንድሞችም ሚስት የሚያስከትሉ ከሆነ።

ሰው የሚንቀው ሌላው ለሦስተኛ ወገን ጉዳት የሚከፍለው መድን ነው። እኛ አገር ለመኪና ብቻ ነው የምናውቀው። አውሮፓ ውስጥ የቤተ ሙከራ ቁልፍ ብትጥሉ የአንድ በር ቁልፍ ብቻ ላይቀየር ይችላል፤ የሕንፃው ቁልፎች በአንድ ሥርዓት ከተያያዙ ሁሉም ይቀየራሉ፣ ሒሳቡም ለጣለው ሰው ይመጣል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «የጠፋ የሥራ ቁልፍ» የሚል ቃል መኖሩን እዩ፤ ሳይኖር ሊሸጥላችሁ ይችላል። አንድ ደግሞ ከቤት ጋር የተያያዘ ነገር፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልታችሁ ዕጣን ብትለኩሱ የማደሪያው ጣሪያ ላይ ያለው የጭስ ጠቋሚ ስለ አቦል አያውቅም። ሕንፃው ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የእሳት አደጋ መኪና ይመጣል፤ ወጪውን ከተከራዩ የሚጠይቅ ማደሪያ አለ፣ መድኑም ይህን አይነት ወጪ ላይከፍል ይችላል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ዕጣኑን ከደጅ።

የደም ናሙና የምትነኩ የጤና ተመራማሪዎች፣ መርፌ ቢወጋችሁ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ ከ72 ሰዓት በፊት፣ በተቻለ መጠን በጥቂት ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። «ማን ይከፍላል?» የሚለው ክርክር ከዚህ ሰዓት ጋር አብሮ አይሄድም። በመጀመሪያው ሳምንት የቤተ ሙከራውን ኃላፊ እንግዳ ተመራማሪ በየትኛው የአደጋ መድን እንደሚሸፈን ጠይቁና መልሱን በኢሜይል ያዙ።

ስለ ሞት ማውራት ማንም አይወድም፤ ግን አለ። እድራችን ድንኳን ይተክላል፣ ያስተዛዝናል፤ አስከሬን ከውጭ አያስመጣም። መድን ከሌለ ሥራው በተማሪዎች መዋጮ ላይ ይወድቃል። መድን ሲኖርም ስህተት የሚፈጠረው ወዳጅ ዘመድ ተቻኩሎ የቀብር ድርጅት ሲቀጥር ነው፤ መጀመሪያ መደወል ያለበት ለመድኑ የ24 ሰዓት ስልክ ነው፤ ሳይፈቅዱ የወጣ ወጪ ላይመለስ ይችላል። ለአንድ የቅርብ ጓደኛና እዚህ ላለ አንድ ዘመድ የመድን ቁጥራችሁን ስጡ።

ስትታመሙም ያው ነው። ነፍስ የሚያሰጋ ካልሆነ ከመታከም በፊት ደውሉ፣ የፋይል ቁጥር ተቀበሉ፣ ለሆስፒታሉ የክፍያ ዋስትና እንዲልኩ ጠይቁ። ከፍላችሁ ከታከማችሁ የካርድ ማሽን የሚያወጣት ትንሽ ወረቀት ደረሰኝ አይደለችም፤ ስማችሁ፣ ቀኑ፣ የሕመሙ ስምና እያንዳንዱ አገልግሎት በየዋጋው የተዘረዘረበትን ጠይቁ። ማዘዣውን ለፋርማሲው ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። የካሳ ጥያቄ ማቅረቢያው ጊዜ ከውል ውል ይለያያል፤ ስለዚህ «አገር ቤት ስገባ እልካለሁ» አትበሉ።

ከመመለሳችሁ በፊት ደግሞ ሰው ሁሉ የሚቸኩልበት አንድ ነገር አለ፤ የባንክ ሒሳቡን መዝጋት። የሐኪም ሒሳብ ከታከማችሁ በኋላ ሁለትና ሦስት ወር ቆይቶ ሊመጣ ይችላል፤ የሚመለስላችሁም ገንዘብ የሚገባው ወደዚያው ሒሳብ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ላኩልኝ ማለት ቢቻልም ይዘገያል፣ በማስተላለፊያ ክፍያም ይሸራረፋል። የመጨረሻው ደረሰኝ ተከፍሎ እስኪገባ ድረስ ሒሳቡን ክፍት አድርጉት፤ የፖስታ አድራሻችሁንም በአንድ የታመነ ጓደኛ ስም አዛውሩት።